1,500 ብር እንዴት 1 ብር ሆነ

ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ጸጉሬ የሸበተው በዚህ ሥራ ነው። ስለ ትልቅ ነገር እንድጽፍላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጽፈው ፎርም ላይ «መጠን» ተብላ ሙሉ ቁጥር ስለሚሞላባት ትንሽ ሳጥን ነው። ብዙ ፕሮግራመር አምስት ደቂቃ አይሰጣትም። እኔን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኝ ስታስገለብጠኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቁጠባ ማህበር አባላቱ የወር ቁጠባቸውን የሚያስመዘግቡበት ፎርም እንድሠራ ጠየቀኝ። ሠራሁ። 1500 እያልኩ ሞከርኩት፤ ሰላም ነው። አስረከብኩ። በወሩ መጨረሻ የሂሳብ ሠራተኛዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ደኸየ እንዴ? ግማሹ የቆጠበው 1 ብር፣ ግማሹ 2 ብር ነው ይላል እኮ።»

አባላቱ የጻፉት ሁላችንም እንደምንጽፈው 1,500 ብለው ነው። ከነኮማው። እኔ ደግሞ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረውን የጃቫስክሪፕት (ብራውዘር ላይ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ) ትእዛዝ ፓርስኢንትን ነበር የተጠቀምኩት። ፓርስኢንት ከግራ ጀምሮ አሃዝ እስካገኘ ድረስ ያነባል። ሌላ ነገር ሲገጥመው ይቆምና እስከዚያ ያነበበውን ይዞ ይመለሳል። ኤረር የለም፣ ጩኸት የለም። ከ1,500 ላይ 1 ይዞ መጣ። ከ3.9 ላይም 3 ይዞ ይመጣል። በእሱ አልፈርድም፤ ጠባዩ ይኸው ነው፣ የሚያነብ ካለ ተጽፎም ይገኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሞከርኩት እኔ የምጽፈውን እንጂ ሰው የሚጽፈውን አልነበረም።

ደንግጬ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ወደሚቀይረው ወደ ሌላው ትእዛዝ፣ ወደ ነምበር ዞርኩ። ነምበር ጠንከር ያለ ነው፤ 1,500 ስትሰጡት «ይሄ ቁጥር አይደለም» ብሎ ናን ይመልሳል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ማግስቱ አልቆየም። ለካስ ባዶ ሳጥን ስትሰጡት 0 ነው የሚለው! ረስቶ ያልሞላው ሰውና «በዚህ ወር ምንም የለኝም» ያለው ሰው አንድ ሆኑብኝ። «ይሄ ናን ነው ወይ?» ብሎ የሚፈትሸውን ኢዝናንን ብትጠይቁትም ባዶውን ችግር የለበትም ብሎ ያሳልፈዋል። በ1 እና በ3 መካከል የእንግሊዝኛዋን ኢ የጣለ ሰው (1e3፤ 1 ከነሦስት ዜሮው ማለት ነው) ደግሞ 1000 ይመዘገብለታል።

አሁን መጀመሪያ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ነው የማየው። ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ አነሳለሁ። ከዚያ ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞች በቀር ምንም እንደሌለ በሬጄክስ፣ ማለትም ጽሑፍ በሚፈተሽበት ንድፍ፣ አረጋግጣለሁ። የሬጄክሱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ምልክት (^ እና $) አደራ፤ እነሱን ከረሳችሁ መሃል ላይ አንድ አሃዝ ካገኘ ይበቃዋል። ይህን ያለፈውን ብቻ ወደ ቁጥር እቀይራለሁ። ትንሹና ትልቁ ገደብ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮማውስ? እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አልስማማም። እነሱ «አውጥተህ ጣለው» ይላሉ። አገር ቤት ያስኬዳል። ጀርመን ያለ ሰው ግን 1,5 ሲል አንድ ተኩል ማለቱ ነው፤ ኮማውን ብትጥሉበት 15 ታደርጉታላችሁ። እኔ ኮማውን ካነሳሁ ሳልመዘግብ በፊት «1500 ብር፣ ልክ ነው?» ብዬ መልሼ አሳያለሁ። ዝም ብሎ የሚገምት ፎርም አልወድም።

«የሳጥኑን ዓይነት (ታይፕ) ነምበር ብንለው አያልቅም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አያልቅም። ያችን ኢ እሱም ያስጽፋል። የተጻፈው ቁጥር ካልሆነ ደግሞ ለኮዳችሁ ባዶ ጽሑፍ ነው የሚያቀብለው፤ ያልሞላውና ያበላሸው እንደገና አንድ ይሆናሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ዲዛይን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ታይፕ ትቶ ተራ የጽሑፍ ሳጥን ከኢንፑትሞድ ኒውመሪክ ጋር መርጧል። ስልክ ላይ የቁጥር ኪቦርዱ ይመጣል፤ ማጣራቱን እናንተ ትሠራላችሁ።

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን ወደ ቁጥር ስትቀይሩት ዜሮዋ ትጠፋለች። ከ16 አሃዝ የሚበልጥ የባንክ ካርድ ቁጥርማ ይብሳል፤ ጃቫስክሪፕት ሙሉ ቁጥርን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ነው። ከዚያ በላይ የመጨረሻዋ አሃዝ ልትቀየር ትችላለች። ሁለት ስልክ ቁጥር ደምሮ የሚያውቅ ሰው አለ? የማይደመር ነገር ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ብራውዘር ላይ ያለው ነው። ጃቫስክሪፕቱን ማንም ሊያጠፋው ይችላል፤ ፎርሙን ጨርሶ ሳይከፍት ለሰርቨሩ (የተሞላውን ለሚቀበለው ኮምፒውተር) የፈለገውን መላክም ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩም ከዜሮ ጀምሮ ይፈትሽ።

ያቺን ሳጥን ካስተካከልኩ በኋላ ለሂሳብ ሠራተኛዋ «በተቻለሽ መጠን አበላሽው» ብዬ ሰጠኋት። ባዶ ላከች፣ ክፍት ቦታ ብቻ ላከች፣ ከዜሮ በታች ሞከረች፣ 2.5 አለች፣ «15 ብር» ብላ ጻፈች። ሁሉንም መለሰላት። በመጨረሻ ከስልኳ የአማርኛ ኪቦርድ ፭ን መርጣ ጻፈች። ፎርሙ «እባክዎ በቁጥር ብቻ ይሙሉ» አላት። ስልኩን አዞረችልኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

መልእክቱን «ከ0 እስከ 9 ባሉት አሃዞች ይጻፉ፤ ለምሳሌ 1500» ብዬ ቀየርኩት።