መልስ፦ አይቢኤም ፒሲን ሁሉም እንዴት ሊቀዳው ቻለ?

ወንድሜ፣ «አይቢኤምን የሚያህል ኩባንያ ፒሲውን (የግል ኮምፒውተሩን) ሁሉም ሲቀዳው እንዴት ዝም አለ?» ብለሃል። ዝም እንኳ አላለም፣ የፕሮግራሙን ኮድ እንዳለ የገለበጡትን ከሷል። በሩን የከፈተው ግን ራሱ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ማሽኑን ቶሎ ለማድረስ ተጣድፈው ነበር። ስለዚህ ዕቃውን ከገበያ ገዙ። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አእምሮ) የኢንቴል 8088፣ ዶሱ (ማሽኑን የሚመራው መሠረታዊ ፕሮግራም) የማይክሮሶፍት። ማይክሮሶፍት ደግሞ ዶሱን ለሌላም የመሸጥ መብቱን ለራሱ አስቀረ። ሌላውም ያንኑ ዕቃ መግዛት ይችላል ማለት ነው። በእኔ እይታ ነገሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

የአይቢኤም የራሱ የነበረው ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ዕቃዎቹን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚገርመው፣ ኮዱን በቴክኒክ መመሪያው ላይ አትሞ ሸጦታል! በ1982 ብቅ ያለው ኮምፓክ የተባለ ኩባንያ ዘዴ ዘየደ። አንዱ ቡድን ኮዱን አንብቦ ሥራውን ብቻ በዝርዝር ይጽፋል። ሌላው፣ ኮዱን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው፣ ያንን ይዞ ከዜሮ ይጀምራል። ቀዳህ ብሎ ማን ይክሰሰው? (በነገራችን ላይ «ተንቀሳቃሽ» ያሉት ማሽን 13 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር።)

እኔም የጀመርኩት ስም የለሽ የፒሲ ቅጂ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚባል የለውም። የዶሱን ፍሎፒ (ተነቃይ ዲስክ) ትከታለህ፣ መቆለፊያዋን ታዞራለህ፣ ትንሽ ይንገራገጫል፣ ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የ«ኤ» ድራይቭ ምልክት ይመጣል። መጻፊያው ፕሮግራም ሌላ ዲስክ ላይ ነው፤ ታወጣለህ፣ ትከታለህ። ዲስኩ የሚይዘው 360 ኪሎባይት! የዛሬ ስልክ ፎቶ አንዱም አይገባበት።

በ1984 ፊኒክስ የተባለ ድርጅት የራሱን ባዮስ ለፈለገ አምራች ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ቅጂው እንደ አሸን የፈላው ከዚያ ወዲህ ነው።