ዲግሪያችሁን ከሻንጣ አውጡት

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ፣ አሜሪካ ገብታችሁ፣ ዛሬ ኡበር የምትነዱ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የምትደረድሩ፣ ሆቴል የምትሠሩ ልጆች ብዙ ናችሁ። ከእናንተ መካከል መምህር የነበረ ወይም መምህር መሆን የሚፈልግ ካለ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሱና ለእሷ ነው። እኔ አገር ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ሰሜን ቨርጂኒያ መጥቼ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ ወደ ክፍል ተመለስኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበርኩ።

ሰርግ ላይም ለቅሶ ቤትም ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ያው ነው። "ጋሼ፣ እዚህ መምህር ለመሆን እንደገና አራት ዓመት ኮሌጅ መግባት አለብኝ?"

የለባችሁም። ኦልተርኔቲቭ ሰርተፊኬሽን የሚሉት አማራጭ መንገድ አለ። ዲግሪው የመምህርነት ባይሆንም፣ ባችለር ያለው ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ፣ የሚያስተምረውን ትምህርት ፈተና አልፎ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ ክፍል ይገባል። የመምህር ደመወዝ እየተከፈለው የቀረውን ይማራል። አዲስ ነገር አይደለም። ኒው ጀርሲ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀመረችው፤ ቴክሳስ ወዲያው ተከተለች። ዛሬ በየስቴቱ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት አማራጭ መንገድ አለ።

ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን ስቴቱ ነው። ስለዚህ ዳላስ ያለው የአክስታችሁ ልጅ የነገራችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል። ከሰው መስማት ጥሩ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምትኖሩበትን ስቴት የትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱና አንብቡ።

ብዙ ልጆች ሲደክሙ ያየሁት ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛቡት ነው። መጀመሪያ ለማሠልጠኛ ፕሮግራም ይከፍላሉ። ቀጥሎ የአገር ቤት ወረቀታቸውን ማሳደድ ይጀምራሉ። የአሜሪካን ክፍል የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ይደነግጣሉ። እኔ የምመክራችሁ ተገላቢጦሹን ነው።

ክፍሉን አስቀድማችሁ እዩት። ረዳት መምህር ሆናችሁ ወይም በተተኪ መምህርነት፣ እነሱ ሰብስቲትዩት በሚሉት ሥራ፣ ግቡ። ታይትል ዋን በሚባለው የፌዴራል ገንዘብ በሚደገፍ ትምህርት ቤት ረዳት ለመሆን ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 2 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም አንድ ፈተና ማለፍ ነው። እናንተ ዲግሪ አላችሁ። ክፍያው ከኡበር ሊያንስ ይችላል፤ አውቃለሁ፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ሙሉ ሳምንት ካልቻላችሁ እንኳ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን በተተኪነት ሥሩ። እዚያ የምታዩትን ማንም በወሬ ሊነግራችሁ አይችልም።

አገር ቤት መምህር ሲገባ ተማሪ ይነሣል። ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጅ ቢኖርም መምህሩ ሲናገር ጸጥታ አለ። እዚህ ሃያ አምስት ልጅ ይዛችሁ ሦስቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ተኝቷል፣ አንዷ "ይህን ለምን እማራለሁ?" ትላችኋለች። ልጅቷ ስድ አይደለችም። እንድትጠይቅ ተደርጋ ነው ያደገችው፤ መልስም ይገባታል። ጥሩ መምህር እንዲህ ያለውን ክፍል ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እንዴት እንደሚይዘው ከኋላ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ይቀበላል። ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው ሥራ ቀድሞ ተጽፏል። ልጆቹ ምን እንደሚጠበቅባቸው ስለሚያውቁ ትርፍ ወሬ የለም። ይህን እያያችሁ ልባችሁ ከሞቀ ቀጥሉ። ካልወደዳችሁት ደግሞ ምንም ሳትከስሩ አወቃችሁ።

ክፍል ውስጥ እየዋላችሁ ወረቀቱን ጀምሩ። ወረቀቱ ከፈተናውም ከሥልጠናውም በላይ ጊዜ ይበላል። ስቴቱ የውጭ አገር ዲግሪን እንዳለ አይቀበልም፤ የሚመዝን ድርጅት መርምሮ "ይህ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው" ብሎ እንዲጽፍላችሁ ይፈልጋል። ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ያሉ መዛኞች በብዙ ቦታ ተቀባይነት አላቸው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ደብሊው ኢ ኤስ አንዱ ነው። ስቴታችሁ የትኞቹን እንደሚቀበል ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ስታዝዙም "ኮርስ ባይ ኮርስ" የሚባለውን እዘዙ። ርካሹ ዓይነት ዲግሪ እንዳላችሁ ብቻ ይናገራል። መምህር ለመሆን ግን ስንት የሒሳብ ወይም የባዮሎጂ ኮርስ እንደወሰዳችሁ በየስሙ መታየት አለበት።

መዛኙ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ከመንግሥት ጋር የትምህርት ወጪ በመጋራት፣ የተማራችሁ ልጆች ዕዳው ካልተከፈለ ሰነዱ አይለቀቅም። ስለዚህ በኤምባሲ በኩል ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ላኩ፤ ዕዳውን ይዝጉላችሁ፣ ሬጅስትራሩ ጋ ይመላለሱላችሁ። ይህ ወራት ሊወስድ ይችላል። አገር ቤት ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ከሆነ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆኑ ቀናት ከጉዟችሁ ላይ ለዩ።

የስማችሁንም ነገር አደራ። ዲግሪው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍና ግሪን ካርዳችሁ ላይ ያለው አንድ ፊደል ቢለያይ ፋይላችሁ ይቆማል። የአባት ስም መካከለኛ፣ የአያት ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም ሆኖ የገባባችሁ ብዙዎች ናችሁ። ሁለቱን አስተያዩና ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፒጂዲቲ የተባለውን የማስተማር ዲፕሎማ የወሰዳችሁ ካላችሁ እሱንም ጨምሩበት። "እዚህ ማን ያውቀዋል" ብላችሁ አትተዉት፤ የማስተማር ዘዴ ኮርሶች ተብሎ ሊቆጠርላችሁ ይችላል።

ከዚያ ፈተናው። በብዙ ስቴቶች ፕራክሲስ የሚባለው ነው፤ ቴክሳስ የራሷ አላት። ለአንዱ ፈተና ከ100 ዶላር በላይ ይከፈላል፣ ወድቃችሁ ስትደግሙም እንደገና። ሒሳቡን ወይም ኬሚስትሪውን ታውቁታላችሁ። የሚያስቸግረው የጥያቄው እንግሊዝኛና ጊዜው ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከመከለስ ይልቅ ሰዓት ይዛችሁ የሙከራ ፈተና መሥራቱ ላይ በርቱ።

ፕሮግራም የምትመርጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስቴቱ የፈቀደላቸውን ዝርዝር ያወጣል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ላለ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ካውንቲው ራሱ የሚያካሂዳቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ለትርፍ የቆሙ ኩባንያዎች ናቸው። ትንሽ ቅድሚያ ተቀብለው ቀሪውን ከተቀጠራችሁ በኋላ በየወሩ የሚያስከፍሉ አሉ። ያ በራሱ መጥፎ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ክፍሌ ድረስ መጥቶ የሚያየኝ ሰው አለ? ሥራ ባላገኝስ ገንዘቤ ምን ይሆናል? ሁለቱን በግልጽ የማይመልስ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ እለፉት።

ቴክሳስ ለአማራጭ መንገድ ሠልጣኞች 300 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ደግሞ ሙያ ለሚቀይሩ ካሪር ስዊቸር የሚባል ፕሮግራም አላት፤ ከክፍል በፊት ቢያንስ 180 ሰዓት ትምህርት ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ደግሞ ከአንድ ልምድ ካለው መምህር ጋር ያያይዛችኋል። ከእሱ ውጭ ያለው የተለመደው የቨርጂኒያ ጊዜያዊ ፈቃድ (ፕሮቪዥናል ላይሰንስ) እስከ 3 ዓመት ያገለግላል፤ ያንን የሚጠይቅላችሁም የቀጠራችሁ ትምህርት ቤት ነው። ሦስት ዓመት ረጅም ይመስላል። አይደለም። ቀን ታስተምራላችሁ፣ ማታ ደብተር ታርማላችሁ፣ ቅዳሜ የልጅ ልደት አለ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። የጎደለውን ኮርስና ፈተና "በኋላ" እያሉ ሦስተኛው ዓመት ላይ ፈቃዳቸው ያበቃባቸው ጎበዝ መምህራን አውቃለሁ። ልጆቹ ይወዷቸው ነበር፣ ርዕሰ መምህሩም ሊያቆያቸው ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ፈተና የሚባለውን ሁሉ ከመቀጠራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ኮርሶቹን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ጀምሩ።

ስለ ገንዘብም ልንገራችሁ፤ ማወቅ ይገባችኋል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ጀማሪ መምህር በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያገኛል፤ የጤና መድንና ጡረታ አለው። ልጅ ለምታሳድጉ ሰዎች ከልጃችሁ ጋር አብሮ የሚዘጋና አብሮ የሚከፈት ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ቲች ግራንት የሚባል የፌዴራል እርዳታም አለ፣ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር። ግን ተጠንቀቁ፤ እጥረት ባለበት ትምህርትና ዝቅተኛ ገቢ ባለው ትምህርት ቤት በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት ካላስተማራችሁ እርዳታው ከነወለዱ ብድር ይሆናል። አንብባችሁ ፈርሙ።

እጥረት ያለበትን ካነሣን አይቀር፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ስፔሻል ኢዱኬሽን የሚባለው የልዩ ፍላጎት ትምህርትና ኢሶል የሚባለው፣ የቤታቸው ቋንቋ ሌላ ለሆነ ልጆች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ብዙ ጊዜ መምህር ይጎድላቸዋል። እነዚህ ላይ በሩ ሰፊ ነው። ስፔሻል ኢዱኬሽን ግን ቶሎ ስለሚቀጥር ብቻ አትግቡበት። እያንዳንዱ ልጅ አይኢፒ የሚባል በሕግ የጸና የትምህርት ዕቅድ አለው፤ ሥሩም የ1975ቱ የፌዴራል ሕግ ነው። ዕቅዱ ላይ የተጻፈውን አለመፈጸም ሕግ መጣስ ነው። ትዕግሥቱና ፍቅሩ ያላችሁ ግቡ፣ እነዚያ ልጆች እናንተን ይፈልጋሉ።

ሌላም ሕግ ነክ ነገር አለ። መምህር ስትሆኑ፣ አንድ ልጅ ቤት ውስጥ እየተጎዳ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከት ግዴታችሁ ነው። ቤተሰቡ ሐበሻ ቢሆንም፣ አባትየውን ዕቁብ ላይ ብታውቁትም። ይህን ከአሁኑ በልባችሁ ጨርሱት።

ስለ አነጋገራችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። ልጆች ጆሯቸው ፈጣን ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቢቸግራቸው ነው። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፣ ዋናውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ "አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ" ማለትን አትፈሩ። ከአነጋገራችሁ ይልቅ ልጆቹ የሚለኩት ፍትሐዊ መሆናችሁን ነው።

አሌክሳንድሪያም ሞንትጎመሪ ካውንቲም የትምህርት ቤት ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሞ ይላካል። ይህ የሚሆነው ልጆቻችን እዚያ በብዛት ስላሉ ነው። እናንተ ስትቀጠሩ ቢሮው ደስ ይለዋል፤ በየወላጅ ስብሰባው አስተርጉሙልን ይላችኋል። ለአጭር ስልክና ለሰላምታ ደስ ብሏችሁ አድርጉት። የአይኢፒ ስብሰባ ወይም የቅጣት ጉዳይ ሲሆን ግን ትምህርት ቤቱ ሙያው የሆነ አስተርጓሚ ያምጣ በሉ። ወላጁም የተሟላ ትርጉም ይገባዋል፣ የእናንተም ያ ሰዓት የተማሪዎቻችሁ ነው። የሐበሻ ልጅ ሲያያችሁ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ፤ ያንን በቃላት አልገልጸውም። ግን ከኤል ሳልቫዶርና ከአፍጋኒስታን የመጣውም ልጅ፣ እዚሁ የተወለደውም ልጅ እኩል የእናንተ ነው።

ትምህርት ቤቶች ለሚቀጥለው ዓመት መቅጠር የሚጀምሩት ጸደይ ላይ ነው፤ እስከ ነሐሴም ይቀጥላሉ። ወረቀታችሁን መስከረም ላይ ከጀመራችሁ ለዚያ ትደርሳላችሁ። ኢንተርቪው ስትገቡ እነሱ ብቻ አይጠይቋችሁ። አማካሪዬ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚያግዘኝ ልምድ ያለው መምህር፣ ማን ይሆናል፣ የእኔኑ ትምህርት ነው ወይ የሚያስተምረው በሉ። በቀን ስንት የተለያየ ትምህርት እንደምታዘጋጁ ጠይቁ፤ ለጀማሪ ከሁለት ባይበልጥ ይሻላል። የራሳችሁ ክፍል ይኖራችሁ ወይስ ጋሪ እየገፋችሁ ክፍል ለክፍል ትዞሩ እንደሆነም ጠይቁ። ሁለት ቦታ ከተቀበሏችሁ፣ ደመወዙ ጥቂት ቢያንስም እንኳ፣ ጥሩ አማካሪ የሚሰጣችሁን ምረጡ።