«እሱማ ሥራ አይባልም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቱሪዝም ማኔጅመንት ተመርቄ ባሕር ዳር ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሲቪዬ 4 ገጽ ነው። ማመልከቻውን ከጓደኛዬ ቀዳሁት። ልምድ የለኝም። ክረምት ክረምት የአጎቴ ጀልባ ላይ ከቱሪስቶች ሒሳብ እቀበል ነበር፤ እሱማ ሥራ አይባልም። ኢንተርቪው ላይ ደግሞ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል።
ተመራቂዋ፣ ከግሽ ዓባይ

መልስ፦ ልጄ፣ እንዴት አይባልም? ሲቪሽ አናት ላይ አስቀምጪው! ከእንግዶች ጋር በምን ቋንቋ ትግባቢ እንደነበር፣ ገንዘቡን እንዴት ታወራርጂ እንደነበር ጻፊ። ሃይማኖትሽን፣ የጋብቻ ሁኔታሽንና «ሙዚቃ ማዳመጥ»ን አውጪ። 1 ገጽ ይበቃል።

የተቀዳ ማመልከቻ ያስታውቃል። አንዳንዱማ የሌላ ድርጅት ስም እንኳ ሳይነሳለት ይመጣል። የጀልባውን ነገር በሁለት አንቀጽ ራስሽ ጻፊው።

ኢንተርቪው ላይ ጠያቂው እንግዳ ሆኖ ሊመጣብሽ ይችላል። «እኔና ባለቤቴ ሐይቁ ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳም ማየት እንፈልጋለን» ቢልሽስ? እዚያ ሴት እንደማይገባ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከውጭ የመጣ ሰው አያውቅም። በትሕትና አስረጂና ዘጌ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ጠቁሚ። ሁለቱም ይገባሉ፣ የግድግዳ ሥዕሎቹንም ያያሉ። ይህችን በእንግሊዝኛ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ፤ እናትሽ ቢስቁም ግድ የለም። ቃል ከጠፋሽ በሌላ ቃል ዙሪና ተናገሪ። ዝም አትበይ።

ልብስሽ ንጹሕ ከሆነ በቂ ነው። የዲግሪሽን ኮፒ ስጪ፤ ኦሪጅናሉን ግን አሳይተሽ መልሰሽ ያዢ።