በጎን ለሚተኛ ሰው የሚስማማ የሲፓፕ ማስክ

እህቴ፣ በጎንሽ ስትተኚ ትራሱ የሲፓፑን (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እንዳይቋረጥ አየር የሚነፋውን ማሽን) ማስክ እየገፋው አየር ዓይንሽ ውስጥ ይነፍሳል ላልሽው፣ እኔም ብዙ ሌሊት የተሰቃየሁበት ነገር ነው። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ትራስ ሲነካው ቶሎ ይላቀቃል። እኔን የገላገለኝ ከአፍንጫ ሥር ብቻ የሚያርፍ፣ ቱቦው አናት ላይ የሚገጠም ዓይነት ነው፤ ኤርፊት ኤን30አይ እና ድሪምዌር እንዲህ ያሉ ናቸው። አፍሽን ከፍተሽ የምትተኚ ከሆነ ግን አየሩ በአፍ ስለሚወጣ መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ።

ማሰሪያውን ተቀምጠሽ አትለኪ። ማሽኑን አብርተሽ፣ በጎንሽ ተኝተሽ አስተካክዪው። አየር ሲያመልጥ ደግሞ እባክሽ ዝም ብለሽ አታጥብቂው! ሲሊኮኑ ፊት ላይ የሚገጥመው በአየር ሲነፋ ነው፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይጨማደድና ይብሳል። በየጠዋቱ በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ የፊት ወዝ ያንሸራትተዋል። ማታ ፊትሽን ቅባት አትቀቢ።