ከጌጡ በፊት የተመረጠው መስኮት ይለይ

ሰላም እህቴ። ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ባለ 4 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕሽ ላይ ሁሉም መስኮት ነጭ መሆኑ ስለሰለቸሽ፣ «ጭብጥ ከድረ ገጽ አውርጄ ልጫን ወይስ ወደ ሊኑክስ ልዙር?» ብለሻል። ጭብጥ (ቴም) የመስኮቶችን መልክ የሚቀይር ጥቅል ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሥርዓተ ክወና ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው። ከልምዴ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከማማሩ በፊት እየሠራሽበት ያለው መስኮት ከሌሎቹ በአንድ እይታ መለየት አለበት። የቤቴ በር ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ታርፋለች። ያን ጊዜ የደንበኛው ፍላሽ የተከፈተበት መስኮትና የእኔ ሰነዶች ያሉበት መስኮት ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ የርዕስ አሞሌያቸው (ስማቸው የተጻፈበት የላይኛው መስመር) ነጭ ከሆነ ፈጽሞ አይለዩም። ከፍላሽ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። የሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲህ በዋዛ ሊጠፋ ይችላል።

ለዚህ ምንም ማውረድ አያስፈልግሽም። ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከለርስ ግቢና ከታች «ታይትል ባርስ ኤንድ ዊንዶው ቦርደርስ» የሚለውን ምረጪ። ደመቅ ያለ ቀለም ስጪው፤ እኔ ጥቁር አረንጓዴ ነው የምጠቀመው። የተመረጠው መስኮት ቀለሙን ይይዛል፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እዚያው ገጽ ላይ «ትራንስፓረንሲ ኢፌክትስ» የሚለውን አጥፊው፣ ለደካማ ማሽን ትርፍ ሸክም ነው። ዎርድ ግን አሞሌውን ራሱ ስለሚሥል ለዚህ ቅንብር አይታዘዝም።

ከድረ ገጽ የሚወርደውን ጭብጥ በፍጹም አልመክርሽም። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ፊርማ የሌለውን የመስኮት ጭብጥ ስለማይቀበል፣ እነዚያ ጭብጦች የሲስተሙን ፋይል ማሻሻል ይጠይቃሉ። ትልቅ ዝማኔ ሲመጣ የተነካካው ፋይል ይተካና መልኩ ይፈርሳል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም የሲስተም ፋይል እንዲነካ መፍቀዱ ራሱ አደጋ ነው።

መልክ መቀየር በእውነት የሚያስደስትሽ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ገጽታው ጋር ይስማማሻል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ስለዚህ መዞሩ ሌላም ምክንያት አለው። በኤክስኤፍሲኢ «ዊንዶው ማናጀር» ውስጥ «ስታይል» የሚለው ገጽ ላይ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የአዝራሮቹን ቅደም ተከተልና የርዕሱን ፊደል በአንድ ቦታ ታገኛለሽ። ፊደሉን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የአማርኛ ፊደል አድርጊውና መጠኑን ከፍ አድርጊው፤ «የኪራይ ውል» እና «የሽያጭ ውል» ብለሽ የሰየምሻቸው ፋይሎች ርዕሳቸው ከሩቅ ይነበባል። ለእኔ ከቀለሙ ሁሉ የበለጠው ጥቅም ይህ ነው። የወረደ ጭብጥ ደግሞ ነጥብ ቴምስ (.themes) በሚባለው የራስሽ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ ሲስተሙን አይነካም፤ ካልወደድሽው ሌላ ጭብጥ መርጠሽ ያልወደድሽውን ጭብጥ ፎልደር ብቻ ትሰርዣለሽ።

ቀጭን ጠርዝ ያላቸው ጭብጦች ያምራሉ፤ ነገር ግን ጠርዙን በማውስ መያዝ ያስቸግራል። አልት ቁልፍን ይዘሽ በማውሱ ቀኝ አዝራር ብትጎትቺ የመስኮቱ መጠን ከየትኛውም ቦታ ይቀየራል። ፋየርፎክስ የመረጥሽውን ጠርዝ ካላሳየ፣ የመሣሪያ አሞሌውን ማስተካከያ ገጽ ከፍተሽ ከታች «ታይትል ባር» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ።

ሊኑክሱን ከመጫንሽ በፊት ከፍላሽ አስነስተሽ ሞክሪው፤ ፕሪንተርሽና ስካነርሽ መሥራታቸውንም ያኔውኑ አረጋግጪ።