ፈረንጅ ሰፈር ለምታድጉ ልጆቻችን

ልጆች፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚህ ሜሪላንድ የቤት ሽያጭ ሰነድ ስመረምር ነው የኖርኩት። አሮጌ ውሎች ውስጥ እየደጋገመች የምታጋጥመኝ አንድ አንቀጽ ነበረች። ነጭ ያልሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳይኖር ትከለክላለች። ወረድ ብላ ደግሞ፣ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ግን ችግር የለም ትላለች! ጠበቃ አርቅቆት መንግሥት የመዘገበው ወረቀት ነው እንግዲህ።

ይህን ያነሳሁት ብዙዎቻችሁ ከክፍላችሁ ብቸኛ ጥቁር ሆናችሁ ስለምታድጉ ነው። ጎረቤት ሰላምታ ሲነፍጋችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ጥበቃው ሲከተላችሁ፣ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ትላላችሁ። ምንም አላጠፋችሁም። ሰፈሩ እንዲህ የሆነው እናንተ ሳትወለዱ ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለብድር ዋስትና ሲሰጥ፣ ጥቁሮች ያሉበትን ሰፈር አደገኛ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እነዚያን አንቀጾች ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። ሻጮቹ ግን በዚያው ቀጠሉ።

በኦገስት 1957 ዊልያምና ዴዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ፔንስልቬንያ፣ ነጮች ብቻ ይኖሩበት የነበረ ሌቪታውን የሚባል ሰፈር ገቡ። ባል የቀድሞ ወታደር፣ ሚስት አስተማሪ ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ደጃቸው ላይ ተሰብስቦ ሲጮህ ሰነበተ፤ መስኮታቸው በድንጋይ ተሰበረ። ከጎናቸው የቆሙ ነጭ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ እነሱንም አትርሷቸው። ማየርሶች ንቅንቅ አላሉም። በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው ሕግ የወጣው ግን በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው።

እኛ አብዛኞቻችን የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ ድንጋይ በተወረወረባቸው መንገድ በሰላም ገብተን ስናበቃ፣ «እኛ እንደነሱ አይደለንም» የምንል ወላጆች አለን። (ቅር የሚለው ይኖራል፤ ቢሆንም ቤታችሁ የምትሰሙትን ነው የምጽፈው።) ይቺን አትቀበሉን። ፖሊስ መኪናችሁን ሲያስቆም ሐበሻ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ጋር ተወዳጁ፤ አያቶቻቸውን ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

የሆነ ነገር ሲደርስባችሁ ቀኑንና የተባለውን ቃል በቃል ጻፉት። ቤትም ንገሩ። «ዝም ብለህ ተማር» ብንላችሁም ደግማችሁ ንገሩን። በፌብሩዋሪ፣ በጥቁሮች ታሪክ ወር፣ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ሲያፈጥባችሁ ደግሞ ካልፈለጋችሁ አትመልሱ። አስተማሪው ደሞዝ የሚበላው ለዚያ ነው።