አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ኢንተርኔት፦ ግማሹን የመለስሽው ጥያቄ

ውድ እህቴ፣

ለኔትወርክ ድጋፍ ሰጪነት በቀረብሽበት ቃለ መጠይቅ የመጨረሻዋ ጥያቄ እንዳሰናከለችሽ ጽፈሽልኛል። «አንድ ኮምፒውተር በኬብልም በሞባይልም ከኢንተርኔት ተገናኝቷል። ባክአፑ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) በኬብሉ፣ የቪዲዮ ስብሰባው በሞባይሉ እንዲሄድ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉሽ «የሞባይሉን ሜትሪክ ዝቅ አደርጋለሁ» አልሽ። «ባክአፑስ በየት ይሄዳል?» ሲሉሽ ግን ዝም አልሽ። አሁን ሙያውን ልተወው ወይስ ሌላ ሰርተፍኬት ልጨምር እያልሽ ትጨነቂያለሽ።

ሁለቱም ለጊዜው ይቆዩ። ያሰናከለችሽ አንዲት ሐሳብ ናት፤ እሷም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትያዛለች።

ራውቲንግ ቴብል፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የመንገዶች ሰንጠረዥ፣ ፓኬቱን (በኔትወርክ የሚላከውን የመረጃ ቁራጭ) «ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «የትኛው ፕሮግራም ላከህ?» አይለውም። ሜትሪክ ደግሞ ወደ አንድ መድረሻ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ሲገኙ የሚያማርጥ ቁጥር ነው፤ አነስተኛው ይመረጣል። ስለዚህ የሞባይሉን ሜትሪክ ስታወርጂ ቪዲዮውም ባክአፑም ተያይዘው ወደዚያው ይጎርፋሉ። ጠያቂሽ የጠበቀሽ እዚህ ላይ ነበር።

የባክአፑ ሰርቨር ቋሚ አድራሻ ካለው ቀሪው ግማሽ ቀላል ነው፦ ለዚያች አድራሻ ብቻ በኬብሉ የሚያልፍ መንገድ ትጨምሪያለሽ። ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚሠራው «ራውት አድ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ይበልጥ ዝርዝር የሆነ መንገድ መድረሻዎችን ሁሉ ከሚያቅፈው የ0.0.0.0 መንገድ ይቀድማል፤ የሜትሪክ ነገር እዚያ ላይ አይነሳም። ይህችን ብትጨምሪ ኖሮ መልስሽ ሙሉ ይሆን ነበር።

የሚከብደው መድረሻው አልጨበጥ ሲል ነው። ብዙ አገልግሎቶች በርካታ አድራሻዎች አሏቸው፣ እነሱም ይለዋወጣሉ። ያኔ ውሳኔው በአፕሊኬሽኑ ላይ መመሥረት አለበት። አንዳንድ ፕሮግራሞች በየትኛው ኔትወርክ ካርድ እንደሚወጡ በራሳቸው ማስተካከያ ያስመርጣሉ፤ ሌሎችን በፕሮክሲ፣ ማለትም በአማላጅ ሰርቨር፣ ማሳለፍ ይቻላል፤ አፕሊኬሽን እየለዩ የሚያስተላልፉ ቪፒኤኖችም አሉ። ለእኔ ግን ከሁሉም ንጹሑ መንገድ የሊኑክሱ ኔትወርክ ኔምስፔስ ነው፤ ይህም በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ካርዶችና የራሱ ራውቲንግ ቴብል ያለው የተለየ የኔትወርክ ክፍል ነው። እንድትለማመጂው የምፈልገውም እሱን ነው።

ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ስልክሽን በዩኤስቢ አገናኝተሽ ኢንተርኔት እንዲያጋራ አድርጊ፤ ኬብሉም እንደተሰካ ይቆይ። «አይፒ ኔትኤንኤስ» በሚለው ትእዛዝ አዲስ ኔምስፔስ ፍጠሪ። የስልኩን ኔትወርክ ካርድ ወደ ውስጡ አስገቢ፣ እዚያው አስነሺው፣ አድራሻና ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር) ስጪው። ካርዱ ከዋናው ዝርዝር ሲጠፋ አትደንግጪ፤ ቦታ ቀይሮ ነው። አሁን ሁለት ተርሚናሎች ጎን ለጎን ክፈቺ፣ አንዱ በኔምስፔሱ ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ። ከሁለቱም የጎብኚውን የኢንተርኔት አድራሻ መልሶ ወደሚናገር ድረ ገጽ ጥያቄ ላኪ። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይመጡልሻል። ኬብሉን ንቀዪውና ድገሚ፦ የውጪው ቀጥ ይላል፣ የውስጡ መልስ ማምጣቱን ይቀጥላል። ይህን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ማንም ቢጠይቅሽ አትደናገሪም።

ኢንተርኔቱ በቁጥር አድራሻ እየሠራ በስም ከከሸፈ ዲኤንኤሱን፣ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት፣ ተመልከቺ፤ ለኔምስፔሱ የራሱን የዲኤንኤስ ፋይል በ«ኢቲሲ» ማውጫ ውስጥ፣ «ኔትኤንኤስ» ሥር ታስቀምጪለታለሽ።

ጠንከር ያለ ጠያቂ ደግሞ «ፕሮግራሙን ከሞባይሉ አድራሻ ጋር ማሰር ብቻ አይበቃም?» ሊልሽ ይችላል። ሊኑክስ ላይ አይበቃም። የላኪውን አድራሻ አይቶ መንገድ የሚመርጥ ደንብ በ«አይፒ ሩል» ካልተጨመረ ፓኬቱ የሞባይሉን አድራሻ ለብሶ በኬብሉ ሊወጣ ይችላል፤ መልሱም መንገድ ላይ ይቀራል። ይህንንም ሞክሪው፤ ፓኬቶቹን በዋየርሻርክ፣ የኔትወርክ ፓኬቶችን በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ተከታተያቸው።

የሠራሽውን ሁሉ፣ የተበላሸብሽን ጭምር፣ በአንድ ገጽ ጻፊ። ከሲቪሽ ላይ «ጥሩ የኔትወርክ እውቀት አለኝ» የምትለውን መስመር ሰርዢና ይህን ሥራ በቦታዋ አስገቢ።

ከዚያ በዚሁ ሳምንት ለጠያቂሽ ጻፊለት፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢሆንም እንኳ። ዝም ያልሽበትን ምክንያት ለማስረዳት አትድከሚ። «ያን ዕለት የመለስኩት ግማሹን ነበር፤ ቀሪው ግማሽ ይኸው» ብለሽ ጀምሪ፤ ገጹን አያይዢና ላኪው።